የወታደር ጊዜ፦ ስለ ምልመላ፣ ስለ ማቆየትና ስለ አገልግሎት ሁኔታ

የተከበራችሁ አዛዦች፣ የሰው ኃይልና የምልመላ ኃላፊዎች፣ የጤናና የሎጂስቲክስ ባለሙያዎች፣

በተሰጠኝ ሰዓት ስለ አገር ፍቅር አልናገርም፤ እዚህ የተቀመጠ ሰው በዚያ በኩል መካሪ አያሻውም። የምናገረው ስለ ሒሳብ፣ ስለ ቀን ቆጠራ፣ ስለ ግድግዳ ሻጋታና ስለ ዘብ ተራ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሒሳቡ ልጀምር። መቶ ሺህ ሰው ያለው አንድ ሰራዊት እናስብ። በየዓመቱ ከመቶው አሥሩ ይለቃል እንበል፤ በጡረታ፣ በውል ማብቃት፣ በጤና ጉድለት ወይም በመጥፋት። ቁጥሩ እንዳይጓደል በየዓመቱ 10,000 የሠለጠነ ሰው ወደ ክፍሎች መግባት አለበት። ማሠልጠኛ ከገባው ሩቡ ሳይጨርስ የሚቀር ከሆነ ማሠልጠኛው 13,300 ያህል ምልምል መቀበል ይኖርበታል። ካመለከቱ አምስት ሰዎች ማሠልጠኛው በር የሚደርሰው አንዱ ብቻ ከሆነ ደግሞ 66,700 ያህል አመልካች መገኘት አለበት። አሁን የሚለቀው ከአሥር ወደ ስምንት ከመቶ ቢወርድስ? የሚፈለገው አመልካች 53,300 ገደማ ይሆናል። በሁለት ከመቶ ለውጥ ብቻ ከ13,000 በላይ አመልካች ከመፈለግ ዳንን ማለት ነው። ያን ያህል ሰው የሚያመጣ የማስታወቂያ ዘመቻ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ የምልመላ ኃላፊዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሒሳቡ የማያሳየውም አለ። የለቀቀው የ12 ዓመት አገልግሎት ያለው የሃምሳ አለቃ ከሆነ ምትኩን ለማፍራት 12 ዓመት ይፈጃል። በማንኛውም በጀት ከገበያ ተገዝቶ አይመጣም።

ሰራዊቶች ሰው ለምን እንደሚያጡ ሲጠየቁ መልሱ ቶሎ ብሎ ደመወዝ ላይ ያርፋል። ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ እመጣበታለሁ። ነገር ግን አመልካቹም፣ ምልምሉም፣ የአሥር ዓመቱ ወታደርም በጋራ የሚማረሩበት ጉዳይ አለ። ጊዜያቸው እንደ ነፃ ዕቃ ይቆጠራል። አመልካቹን ለወራት እናስጠብቀዋለን፣ ምልምሉን ለጉዳት በሚዳርግ ጥድፊያ እናሠለጥነዋለን፣ ነባሩን ወታደር ደግሞ ቅዳሜ የት እንደሚውል ዓርብ ማታ እንነግረዋለን። እኔ እንደማምነው ከሁሉም በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው፤ ደግሞም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወደ ምልመላው ልግባ። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት ቢሮ በ2018 ስለ አገሩ ጦር ሠራዊት ምልመላ ያወጣው ሪፖርት ለማንኛውም ሰራዊት ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በ2018/19 የበጀት ዓመት የመጀመሪያ ስድስት ወራት ግማሾቹ አመልካቾች ሒደቱን ለመጨረስ እስከ 321 ቀን ፈጅቶባቸው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 47 ከመቶ የሚሆኑት አመልካቾች በገዛ ፈቃዳቸው አቋርጠዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ብቁ አይደላችሁም ተብለው የተመለሱ አይደሉም። በሩን ራሳቸው አንኳኩተው፣ ሲሰለቻቸው የሄዱ ናቸው። የ19 ዓመት ወጣት አሥር ወር ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ትዳር ያስባል፣ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ይሰብራል።

ሒደቱ የሚረዝመው አንዱ ደረጃ ብዙ ቀን ስለሚወስድ አይደለም። ማመልከቻ፣ የመጀመሪያ ቃለ ምልልስ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የጤና ምርመራ፣ የኋላ ታሪክ ማጣራት፣ የአካል ብቃት ፈተና፣ የውል ፊርማ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን የሚበቃቸው ናቸው። ቀኑን የሚበላው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። ፋይሉ ከአንዱ ጠረጴዛ ተነሥቶ ሌላው ላይ እስኪያርፍ ሦስት ሳምንት ይተኛል። የጤና ክፍሉ አንድ ማስረጃ ጎደለ ብሎ ይመልሰዋል፤ ማስረጃው ሲመጣ ሌላ ሁለተኛ ጎደለ ይላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። የኋላ ታሪክ ማጣራት ማመልከቻው በገባበት ቀን ይጀመር፤ የጤና ውጤት እስኪመጣ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። የጽሑፍ ፈተናና የጤና ምርመራ በአንድ ቦታ፣ በሁለት ተከታታይ ቀናት ይጠናቀቁ። የሚጎድል ማስረጃ ካለ ሁሉም በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ጊዜ ይነገር። ለእያንዳንዱ አመልካች ስሙ የታወቀ አንድ ጉዳይ ተከታታይ ይመደብለት፤ በየአሥር ቀኑ ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «ምንም አዲስ ነገር የለም፣ የሚቀጥለው ደረጃ ይህ ነው» ብሎ ይደውልለት። ብሪታንያ በ2024 አዲስ ግብ አስቀምጣለች፤ አመልካቹ በ10 ቀን ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ያለው የቅጥር ቃል ያገኛል፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ሥልጠና የሚጀምርበትን ጊዜያዊ ቀን ያውቃል። በ30 ቀን ማሠልጠኛ ይገባል አልተባለም። ቀኑን ያውቃል ነው የተባለው። ቀን የተቆረጠለት ሰው ይጠብቃል፤ ያልተቆረጠለት ይሄዳል።

በሩን ማስፋት ብቻውን አይበቃም። ካናዳ በ2022 መጨረሻ ቋሚ ነዋሪዎችም በጦሯ እንዲቀጠሩ ፈቀደች። በመጀመሪያው ዓመት ከ20,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ የተቀጠሩት ግን ከመቶ አንድ አልሞሉም። ፍላጎት ሞልቶ ነበር። የደኅንነት ማጣሪያውና የጤና ምርመራው በድሮ አቅማቸው ቀርተው ነው። በሩ በአሥር እጥፍ ሲሰፋ ከበሩ ጀርባ ያለው ኮሪደር ካልሰፋ የሚገኘው ሰልፍ ብቻ ነው።

መመዘኛ ዝቅ ይበል አይበል የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ስለሚነሣ አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2022 60,000 ሰው ለመመልመል አቅዶ 15,000 ያህል ጎደለበት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ፎርት ጃክሰን በተባለው የጦር ሰፈር የጀመረው የቅድመ ሥልጠና ኮርስ መመዘኛውን ሳይነካ ሰውየውን ወደ መመዘኛው የሚያደርስ ነው። በፈተና ነጥብ ወይም በሰውነት ስብ ለጥቂት የወደቀ አመልካች እስከ 90 ቀን በትምህርት ወይም በአካል ብቃት ይታገዛል፤ መመዘኛውን ሲያሟላ መሠረታዊ ሥልጠና ይገባል፤ ካላሟላ ይሰናበታል። በ2024 ጦሩ 55,000 የነበረውን ግቡን ሲመታ ከምልምሎቹ ሩብ ያህሉ በዚህ ኮርስ ያለፉ ነበሩ። በጤና መመዘኛ ላይ ግን ሌላ ሥራ አለ። በልጅነት የነበረ አስም ወይም ከዓመታት በፊት የዳነ ስብራት ዛሬም አመልካች የሚያስመልስ ከሆነ፣ ሕጉ የተጻፈበትን ምክንያት የጤና ክፍሉ በማስረጃ ያሳይ። ማሳየት ካልቻለ ሕጉ ይሻር።

መልማዩስ? መልማይ በኮታ ብቻ ሲለካ ቃል ያበዛል። «ሹፌር ትሆናለህ»፣ «ቤትህ አጠገብ ትመደባለህ»፣ «በሁለተኛው ዓመት ኮሌጅ ትገባለህ»። ወጣቱ እውነቱን የሚያውቀው ማሠልጠኛ ከገባ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወይ ይጠፋል ወይ ውሉ እስኪያልቅ ቀን ይቆጥራል፤ ለትንሽ ወንድሙም «እንዳትሞክራት» ይላል። ስለዚህ መልማዩ የሚለካው ስንት ሰው አስፈረመ በሚል ሳይሆን፣ ካስፈረማቸው ስንቱ ሥልጠና ጨርሶ በክፍሉ አንድ ዓመት ሞላ በሚል ይሁን። በውሉ ላይ አንድ ገጽ ይጨመር፤ ምን ቃል እንደተገባለት ምልምሉ በራሱ እጅ ጽፎ፣ መልማዩ ይፈርምበት። ማሠልጠኛው በመጀመሪያው ሳምንት ያንን ገጽ ያንብበው። ውሸቱ በአንድ ወር ውስጥ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማሠልጠኛው። ምልምል በብዛት የምናጣው ፍላጎት አጥቶ ነው ብለን እናስባለን፤ የታችኛው እግር አጥንት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሲቪል ሆኖ በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚራመድ ወጣት በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ እጥፍ መራመድ፣ መሮጥና ሸክም መያዝ ይጀምራል። ጡንቻው በሳምንታት ይላመዳል፤ አጥንቱ ግን ይዘገያል። ጫና ሲበዛበት አጥንት በመጀመሪያ ያረጀውን ክፍል ያነሣል፣ ከዚያ አዲስ ይገነባል፤ በሁለቱ መካከል የሚደክምበት ጊዜ አለ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የእግር ስንጥቅ የሚበዛው ለዚህ ነው። አሠልጣኙ ደግሞ «አሁን ጠንክረዋል» ብሎ ጫናውን የሚጨምረው በዚያው ሳምንት ነው።

ምልምሎችን በሩጫ ፍጥነታቸው በሦስት ወይም በአራት ቡድን ከፍሎ ማስሮጥ፣ የሩጫውን ጠቅላላ ርቀት መቀነስና አጭር የፍጥነት ልምምድ መተካት ጉዳትን እንደሚቀንስና የመጨረሻውን ብቃት እንደማይጎዳ በወታደራዊ ጤና ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል። በግል የምመክረው ደንብ አጭር ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከርቀት፣ ከክብደትና ከፍጥነት አንዱን ብቻ ጨምሩ። ወደ መመገቢያ፣ ወደ ተኩስ ሜዳ፣ ወደ ክፍል የሚደረገውም ጉዞ ይቆጠር፤ ብዙ ማሠልጠኛ «የዛሬ ጉዞ 6 ኪሎ ሜትር» ብሎ ሲመዘግብ ምልምሉ በእርግጥ 15 ተራምዶ ይሆናል። በሰልፍ ጉዞ አጫጭሮቹን ፊት አሰልፉ፤ ኋላ የቀረ አጭር ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከአቅሙ በላይ ይዘረጋል፣ ዳሌውም የሚጎዳው በዚህ ነው።

ስለ ከስክስ ጫማ ደቂቃ እወስዳለሁ፤ ይገባዋል። ጫማ ጠዋት ላይ፣ በባዶ እግር ወይም በስስ ካልሲ፣ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ተብሎ አይሰጥም። እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣል፤ ሸክም ሲጨመርበት ደግሞ ይሰፋል። ልኬቱ ከሰዓት በኋላ፣ በሥልጠና ላይ በሚደረገው ወፍራም ካልሲ፣ ሁለቱንም እግር እያቆሙ ይሁን፤ ብዙ ሰው አንዱ እግሩ ይበልጣል፣ የሚወሰደውም የትልቁ ልክ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይቅር፤ ተረከዙ ግን ሲራመድ አይነሣ። ለአንድ ምልምል ሁለት ጥንድ ይሰጥና እየቀያየረ ያድርግ፤ የረጠበው ሙሉ ቀን ይደርቅለታል። ግምጃ ቤቱ የሴቶች ልክ ከሌለው የወንድ ትንሽ ቁጥር መስጠት መፍትሔ አይሆንም፤ የተረከዝና የፊት እግር መጠናቸው ይለያያል። ለጥይት መከላከያውም፣ ለጀርባ ቦርሳውም እንዲሁ ነው። ኖርዌይ ብሔራዊ ውትድርናን ለሁለቱም ፆታ እኩል ያደረገው ሕግ በ2015 ሥራ ላይ ሲውል በየጦር ሰፈሩ የሚነሣው ጥያቄ መርህ አልነበረም፤ መኝታ፣ ልብስና ትጥቅ ነበር።

ጉዳት የሚደበቅበትንም ምክንያት እንይ። የታመመ ምልምል ወደ ክሊኒክ ከሄደ ከጓዶቹ ተለይቶ ከመጀመሪያው ሳምንት እንደሚጀምር ያውቃል። ስለዚህ በትንሽ ሕመም አንድ ሳምንት ማረፍ ሲበቃው፣ ደብቆ በስንጥቁ ላይ ይሮጥና ለሦስት ወር ይተኛል። የማገገሚያ ቡድን ይቋቋም፤ የተኩስና የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱን እየተከታተለ፣ ሲድን ካቆመበት ሳምንት እንዲቀጥል። እንቅልፍም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2020 ባወጣው የጤናና ብቃት መመሪያ ውስጥ እንቅልፍን ከሥልጠና ጋር እኩል አስቀምጦታል። በአራት ሰዓት እንቅልፍ የሠለጠነ ምልምል ጠንካራ አይሆንም፤ የተማረውን የማያስታውስና በቀላሉ የሚጎዳ ይሆናል።

ደመወዝ። ከመጨመሩ በፊት በትክክል ይከፈል። የተዛወረ ወታደር አበሉ ለሦስት ወር የድሮው ክፍል ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው አከራይ የፋይናንስ ክፍሉን ችግር አይሰማም። ዝውውር ሲፈረም የክፍያ ለውጡ በዚያው ወረቀት አብሮ ይተላለፍ፤ ስህተት ከተገኘ በሰባት ቀን ውስጥ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጥ፣ ሒሳቡ በኋላ ይስተካከል። ጭማሪ ሲደረግ ደግሞ የሥር ማዕረጎች ብቻ ሲነሡ መካከለኛው ይጨመቃል፤ የስምንት ዓመት አገልግሎት ያለው ሰው ከአዲሱ ምልምል ጋር ያለው ልዩነት ሲጠብ መልእክቱ ይገባዋል።

የማቆያ ጉርሻም ጊዜውን ካልመረጠ ገንዘብ ማባከን ነው። ሁሉም ሰው ከተሰጠው አብዛኛው ወደ ማይለቀው ሰው ይሄዳል። አውስትራሊያ ውላቸውን ለሚጨርሱ ወታደሮች 50,000 የአውስትራሊያ ዶላር ስታቀርብ በምላሹ ተጨማሪ ሦስት ዓመት ማገልገል ነበረባቸው፤ ገንዘቡ ሰው ለመሄድ በሚወስንበት ነጥብ ላይ ተቀምጧል። የጡረታ አሠራርም ይታይ። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ 20 ዓመት ያልሞላው ወታደር ምንም የጡረታ ገንዘብ ሳይዝ ይወጣ ነበር፤ ከአምስቱ አራቱ ያህል በዚህ መልክ ይሰናበቱ ነበር። ከጥር 2018 ጀምሮ መንግሥት በወታደሩ የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ የሚጨምርበትና ይዞት የሚሄደው ድርሻ ያለው አሠራር ተተክቷል።

ስለ መኖሪያ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ክፍሎቹን አይታችኋል። የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በመስከረም 2023 ባወጣው ሪፖርት ላይ ሻጋታ፣ የፍሳሽ ችግርና ተባይ ተዘርዝረዋል፤ እጅግ ሀብታም በሆነ ጦር ውስጥ። ብሪታንያ በ1996 የሸጠቻቸውን የወታደር ቤተሰብ ቤቶች ከ36,000 በላይ የሚሆኑትን በ2025 መጀመሪያ ወደ 6 ቢሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ መልሳ ገዝታለች። ሻጋታን በተመለከተ አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ልናገር፤ በቀለም አይድንም። ስምንት ሰው በተኛበት ክፍል እርጥብ ዩኒፎርም አልጋ ጫፍ ላይ ሲሰቀል፣ መስኮቱ ለብርድ ሲዘጋ፣ ውኃው ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይሰፍራል። በዓመት አንዴ ቀለም ብትቀቡት ከሁለት ወር በኋላ ይመለሳል። የሚያድነው የማድረቂያ ክፍል፣ የሚሠራ የአየር ማውጫና የሚያፈሰውን ቧንቧ መጠገን ነው። የጥገና ጥያቄ ሁሉ ቁጥርና የመጨረሻ ቀን ይኑረው፤ ቀኑ ያለፈበት ዝርዝር በየሳምንቱ የጦር ሰፈሩ አዛዥ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ በሻለቃ አዛዦች ላይ አይደለም፤ እነሱ ቧንቧ የሚገዙበት በጀት የላቸውም።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል፤ የዘብ ተራ። የሻምበል ባሻው የተረኛ ዝርዝር በሰራዊቱ ውስጥ በጣም የሚነበብ ሰነድ ነው። ዝርዝሩ ቅዳሜ ለእሑድ ሲለወጥ፣ «ለጉብኝት» ተብሎ የሻምበሉ ሰው በሙሉ ከፈቃድ ሲጠራ፣ ወታደሩ ሣር ሲያጭድና ዕቃ ሲያራግፍ ውሎ ማታ ዘብ ሲቆም፣ ሚስቱ ልጁን ሐኪም ቤት ብቻዋን ስትወስድ፣ ሰውየው ከሰራዊቱ ይርቃል። የተረኛ ዝርዝር ከአራት ሳምንት በፊት ይለጠፍ፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚለውጠው የሻለቃ አዛዡ ብቻ ይሁን፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ ያስፍር። ለውጦቹ በየወሩ ይቆጠሩ። አንዳንዱ ክፍል በወር ሁለት ለውጥ ይኖረዋል፣ አንዳንዱ አርባ፤ አርባ ለውጥ ያለበት ክፍል ውስጥ የድንገተኛ ግዳጅ መብዛት ሳይሆን የዕቅድ ማነስ ነው የሚገኘው። በስምሪትም የቤት ጊዜ መጠን ይከበር፤ ስድስት ወር ውጪ የቆየ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር በሰፈሩ ይቆይ፣ ከዚያ በታች መላክ ካስፈለገ ውሳኔው ከፍ ካለ አዛዥ ይምጣ። ዝውውር ደግሞ የትምህርት ዘመን ሲያልቅ ይፈጸም፤ ከአራት ወር ያላነሰ ማሳወቂያ ይሰጥ። ለባለቤቱ ሥራና ለልጆቹ ትምህርት ይህ ከጉርሻው በላይ ዋጋ አለው።

ቅሬታ የሚመለከተው አካል ከዕዝ ሰንሰለቱ ውጭ ይሁን። ብሪታንያ በ2016 ነጻ የቅሬታ ተቆጣጣሪ አቋቁማለች፤ በአሜሪካ ከታኅሣሥ 2023 መጨረሻ ጀምሮ በወሲብ ጥቃት ክስ ላይ የሚወስኑት አዛዦች ሳይሆኑ ልዩ ዐቃብያነ ሕግ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በድሎኛል የሚባለው ሰው የሚቀጥለውን የብቃት ምዘና የሚሞላ ከሆነ ቅሬታው አይጻፍም። የአእምሮ ጤናም እንደዚሁ ነው፤ ክሊኒክ የሄደ ሁሉ ትጥቁን ካስረከበና ዕድገቱ ከቆመ፣ ክሊኒኩ ባዶ ይሆናል፣ በሽታው ግን በክፍሉ ውስጥ ይቆያል።

አንዳንዶቻችሁ ብሔራዊ ውትድርናን በግዴታ ማድረግ ይቀላል ትሉ ይሆናል። ስዊድን በ2010 አቁማ በ2017 መልሳዋለች፤ የምትጠራው ግን ከዕድሜ ክልሉ ጥቂቱን፣ መርጣ ነው። ግዴታ አፈሙዝ የሚይዝ ሰው ይሰጣል። አልጋ፣ አሠልጣኝና የሃምሳ አለቃ አይሰጥም፤ እንዲያውም ያሉትን አሠልጣኞች ይበላል።

የመጨረሻው የስንብት ቃለ ምልልስ ነው። የለቀቀውን ሰው በመጨረሻው ቀን፣ መልቀቂያውን በሚፈርመው አዛዥ ፊት ብንጠይቀው «የቤተሰብ ምክንያት» ብሎ ይወጣል። ጠያቂው ከሌላ ክፍል ይሁን፤ ጥያቄው ውሉ ሊያልቅ 12 ወር ሲቀረውና እንደገና 6 ወር ሲቀረው ይቅረብ። «ለምን ትሄዳለህ?» ሳይሆን «ለመሄድ መጀመሪያ ያሰብከው መቼ ነበር? በዚያ ሳምንት ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሶቹ በሻለቃ ደረጃ ይሰብሰቡ። ተመሳሳይ ግዳጅ ካላቸው ሻለቃዎች አንዱ በእጥፍ የሚያጣ ከሆነ የአዛዡ ምዘና ላይ ይውጣ።

ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ከእያንዳንዱ ዕዝ የምንጠብቀው ሦስት ቁጥር ነው፤ ከማመልከቻ እስከ ሥልጠና መጀመሪያ ያለው አማካይ ቀን፣ በጉዳት ሥልጠና ያቋረጠ ምልምል ብዛት በሳምንት ተከፋፍሎ፣ እና ከተለጠፈ በኋላ የተለወጠ የተረኛ ዝርዝር ብዛት። የመመዝገቢያው ቅጽ በመውጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ለጥያቄ ሠላሳ ደቂቃ አለን።

አመሰግናለሁ።